ቀርከሃ ስኖውቦርድን «ኢኮ» ያደርገዋል?

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። የአክስቴ ልጅ ኦስትሪያ ነው የሚኖረው፤ በረዶ በጣለ ቁጥር ስኖውቦርዱን (በረዶ ላይ ቆሞ የሚንሸራተትበትን ሰሌዳ) ይዞ ተራራ ይወጣል። ‹ከኢትዮጵያ ቀርከሃ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ ቦርድ ሥራና ላክልኝ፣ እዚህ ኢኮ፣ አካባቢን የማይጎዳ፣ ብለን እንሸጠዋለን› እያለ ይወተውተኛል። በፋይበርግላሱ (በመስታወት ክሩ) ፋንታ ቃጫ፣ በኬሚካል ማጣበቂያው ፋንታ የተፈጥሮ ሙጫ ላደርግ አስቤያለሁ። ከሥር የሚንሸራተተውን ደግሞ ሃይላንድ አቅልጬ ልሠራው ነው። ያስኬዳል? ከምን ልጀምር?»

ምላሽ፦ ሙሉውን ቦርድ አትሥራ። ኮሩን ሥራ። ኮር ማለት በቦርዱ መሃል የሚገባው እንጨት ነው። ምክሬ ይኸው ነው፤ የቀረው ምክንያቱ ነው።

የአክስትህ ልጅ ቦርዱን የገመተው በተሳሳተ መንገድ ነው። ውስጡ ቀርከሃ ከሆነ ሁሉም ነገር ተፈጥሯዊ የሚሆን መስሎታል። የአብዛኛው ስኖውቦርድ ውስጥ ግን ድሮም እንጨት ነው። ፖፕላር፣ አስፐን፣ ፓውሎኒያ፣ ቢች፣ አንዳንዴም ቅልቅላቸው በቀጫጭኑ ተሰንጥቆ ጎን ለጎን ይጣበቃል። ቀርከሃም ቢሆን አዲስ ግኝት አይደለም፤ የታወቁ አምራቾች ከጀመሩት ቆይተዋል። ፖፕላሩን አውጥተህ ቀርከሃ ብትከት አንዱን ዕፅዋት በሌላ ለወጥክ እንጂ ኬሚካሉን አልነካኸውም።

ኬሚካሉ የት እንዳለ ለማየት አንድ አሮጌ ቦርድ በመጋዝ አቋርጦ ማየት ይበቃል። ከሥር 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ፖሊኢትሊን የሚባል ፕላስቲክ አለ፤ በረዶው ላይ የሚንሸራተተው እሱ ነው። ዙሪያውን የብረት ጠርዝ ይዞታል። ከላዩ ኢፖክሲ በሚባለው ኬሚካል ማጣበቂያ የራሰ ፋይበርግላስ ይነጠፋል። ቀጥሎ እንጨቱ፣ እንደገና በኢፖክሲ የራሰ ፋይበርግላስ፣ በመጨረሻ ሥዕሉ ያለበት ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ይመጣል። ጎንና ጎኑን አብዛኛውን ጊዜ ኤቢኤስ የሚባል ፕላስቲክ ይሸፍነዋል። ይኼ ሁሉ በሙቀትና በግፊት አንድ ላይ ይጨመቃል። አንዴ ከደረቀ በኋላ የሚለይ ነገር የለም። ኢፖክሲ ሲሞቅ ተመልሶ አይቀልጥም፤ ያርራል እንጂ። የተሰበረ ቦርድ ቆሻሻ መጣያ የሚገባውም በዚህ የተነሳ ነው።

አሁን ወደ ሐሳብህ አንድ በአንድ እንሂድ።

ሃይላንዱን ተወው። የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ ፔት ይባላል። የቦርዱ ታችኛ ክፍል ደግሞ ሞለኪውሉ እጅግ ረዣዥም የሆነ ፖሊኢትሊን ነው። ሁለቱ ስማቸው ፕላስቲክ መሆኑ ብቻ ነው የሚያገናኛቸው። ፖሊኢትሊኑ በዱቄት መልክ በሙቀት ተጨምቆ ስለሚሠራ ሰም ይመጥጣል፤ ድንጋይ ቢቧጭረው እንኳ በቀላሉ አይሰነጠቅም። ፔት ሰም አይመጥጥም፣ ከኢፖክሲው ጋር አያያዙም ሌላ ነው። ምን አለሽ ተራ በኪሎ ስለሚሸጥና ርካሽ ስለሆነ ብቻ እዚህ ቦታ ልናስገባው አንችልም። ፔት መልሶ ጥቅም ላይ ሲውል የተሻለ ቦታው ክርና አረፋ ነው። አንዳንድ አምራቾች አረፋውን ኮሩ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ ይጠቀሙበታል። እሱም ግን የፋብሪካ ሥራ ነው።

የተፈጥሮ ሙጫውንም እርሳው። ከአጥንት፣ ከቆዳ ወይም ከዛፍ የሚገኝ ሙጫ ለወንበር ይበቃ ይሆናል። ስኖውቦርድ ግን ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው። ማታ ሞቅ ያለ ቤት ይገባል፣ ጠዋት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ውሃ የሚያሟሟው ሙጫ ይኼን አይችልም። አማራጭ የለም ማለቴ አይደለም። ከፊል መነሻው የዕፅዋት ዘይት የሆነ ኢፖክሲ አለ። ከፊሉ ነው፤ የቀረው ያው የነዳጅ ውጤት ነው። ከደረቀ በኋላ በደካማ አሲድ ተፈቶ ፋይበሩን መልሶ የሚያስወጣ ማድረቂያም (ኢፖክሲው እንዲጠነክር የሚቀላቀልበት ፈሳሽ) ተሠርቷል። እኔን ከሁሉም የሚያጓጓኝ ይኸኛው ነው፤ ዋናውን ችግር ይነካልና። ግን ያረጀውን ቦርድ መልሶ የሚሰበስብና አሲዱ ውስጥ የሚነክር አካል ከሌለ ማድረቂያው ብቻውን ምንም አይፈይድም።

ቃጫው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቦርዱን እንደ ድፎ ዳቦ አስበው። ሲታጠፍ ኃይሉን የሚሸከመው የላይና የታች ቅርፊቱ ነው፤ መሃሉ ሥራው ቅርፊቶቹን አራርቆ መያዝ ነው። ፋይበርግላሱ ቅርፊቱ ነው። ስለዚህ ፋይበርግላሱን በደካማ ነገር ከተካህ ምርጥ ቀርከሃ ብትከትበትም ቦርዱ ልፍስፍስ ይሆናል። የሲሳልም ሆነ የእንሰት ቃጫ ገመድና ጆንያ ላይ ጎበዝ ነው። ግትርነቱ ግን ከመስታወት ክር በጣም ያነሰ ነው። ደግሞ ከዘለላ ዘለላ ይለያያል፤ ከአንዱ ማሳ የመጣው ከሌላው ጋር እኩል አይሆንም። ውሃም ይጠጣል። ውሃ የጠጣ ክር ያብጣል፣ ከኢፖክሲው ይላቀቃል።

ከተፈጥሮ ክሮች ለመስታወት የሚቀርበው የተልባ ክር ነው። ቀላል ነው፣ ግትር ነው፣ ንዝረትንም ያበርዳል፤ በርካታ የቦርድ አምራቾች በከፊል እየተጠቀሙበት ነው። «ተልባማ እኛ ጋ ሞልቷል» እንዳትለኝ። እኛ የምንዘራው ለፍሬው ነው። ለክር የሚዘራው ተልባ ረጅም፣ ቀጥ ያለና ቅርንጫፍ የማያበዛ ዓይነት ነው። ከተነቀለ በኋላም የሚዘፈዘፍበት፣ የሚደበደብበትና የሚበጠርበት የራሱ ኢንዱስትሪ አለው። የባዛልት ክርም አለ። ድንጋዩ እኛ ጋ ሞልቷል፤ ክር የሚሆነው ግን ከ1,400 ዲግሪ በላይ ቀልጦ ነው።

ከሁሉም የገረመኝን ልንገርህ፤ ጉሎ ነው። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ጉሎ። ከዘይቱ የሚሠራ ናይለን አለ፤ ቁጥሩ 11 ነው። ከ70 ዓመት በላይ የቆየ ነገር ነው። አንዳንድ የስኖውቦርድ አምራቾች ሥዕሉ ያለበትን የላይ ሽፋን ከእሱ ያደርጉታል። ጥሩ ይዞታ አለው፣ በቅዝቃዜ አይሰባበርም። ይኼንንም ጓሮ ውስጥ ማብሰል አይቻልም፤ ከባድ ኬሚስትሪ ነው። ግን የአክስትህ ልጅ «የዕፅዋት ቦርድ» የሚል ሕልም ካለው፣ የኮሩን እንጨት ከመቀየር ይልቅ እንዲህ ያለ ሽፋን ከአቅራቢ ቢገዛ ከነዳጅ የራቀ ሥራ ይሠራል።

ታዲያ ሙሉውን ቦርድ እዚህ ለመሥራት ቁሳቁሱ ቢገኝስ? ሌላ እንቅፋት አለ፤ ግፊቱ። 155 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦርድ 3,875 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 3 ኪሎ ብታሳርፍበት በጠቅላላው ከ11 ቶን በላይ ይሆናል። «ሶማሌ ተራ የ20 ቶን ክሪክ አገኛለሁ» ትለኝ ይሆናል። ታገኛለህ። ክሪክ ግን አንድ ቦታ ላይ ነው የሚገፋው። እኩል ካልተሠራጨ አንዱ ጋ ኢፖክሲው ተጨምቆ ያልቃል፣ ሌላው ጋ አየር ይቀራል። በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ አየሩን መምጠጥ የሚባል ርካሽ ዘዴም አለ። እሱ ደግሞ የሚጨምቀው በከባቢ አየር ክብደት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ፓምፕህ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.75 ኪሎ ብዙም አታልፍም። ከውጭ የሚመጡ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ይኼን አይነግሩህም።

ሌላው ኢፖክሲው ራሱ ነው። ማድረቂያው ቆዳ ላይ አለርጂ ያመጣል፤ አንዴ ከያዘህ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክህን አይለቅህም። ከዕፅዋት የተሠራ ነው የተባለውም ከዚህ ነፃ አይደለም። ናይትራይል ጓንት ያስፈልጋል፣ በር ተከፍቶ መሥራት ያስፈልጋል። እጅህን በቲነር አትታጠብ፤ ቲነሩ ኬሚካሉን ወደ ቆዳህ ያስገባዋል። ብዙ አዋህደህ ጣሳ ውስጥ ካቆየኸው ራሱን ያሞቃል፣ ይጨሳል። ለሙከራ እንኳ ብትነካው ይኼን አትዝለል። ጠባብ ቤት ውስጥ ሁለት ልጅ ቀጥረህ የምታሠራው ሥራ አይደለም።

እሺ፣ ወደ ኮሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ያንተ ሙያ ዋጋ አለው።

ሁለት አገር በቀል ቀርከሃ አለን። የደጋው ከእንጅባራ፣ ከሲዳማ፣ ከማሻ አካባቢ ይመጣል፤ ውስጡ ክፍት ነው። የቆላው ሽመል የምንለው ነው፤ አሶሳ አካባቢ በሰፊው አለ፣ ውስጡ ድፍን ነው። ለኮር ሁለቱም ይሆናሉ። ሽመሉ ድፍን ስለሆነ ከአንድ ግንድ የተሻለ ቁራጭ ይወጣዋል፤ ግን ቀጭን ነው፣ ብዙ ጊዜም ቀጥ አይልም። የደጋው ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ስትልገው ብዙ ይባክናል። ከሁለቱም ከግማሽ በላዩ ሰጋቱራ ሆኖ እንደሚቀር ቁጠረው። ዋጋህን ስታሰላ በግንድ ሳይሆን በተላገ ቁራጭ አስላ።

መንገድ ዳር ለወንበርና ለአጥር የሚሸጠውን አትግዛ። ብዙው ለጋ ነው። ለዚህ ሥራ ቢያንስ 3 ዓመት የሞላው ያስፈልጋል። ለጋው ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ስታርቹ ብዙ ስለሆነም ነቀዝ ይወደዋል። የቆረጠውን አርሶ አደር ጠይቅ፤ ዕድሜውን ከቅርፊቱ ቀለም ያውቃል። በክረምት ቡቃያው በሚወጣበት ጊዜ የተቆረጠም አይሁን። የበጋው ይሻላል።

አሠራሩ ላይ ሁለት ቦታ ሰው ይሰንፋል። አንደኛው የውጭ ቆዳው ነው። የሚያብረቀርቀው ቆዳ ሰምና ሲሊካ አለበት፤ ኮላ አይዘውም። ቆንጆ ስለሆነ ይተዉታል፣ በኋላ ጣውላው በእጅ ይላቀቃል። ሙልጭ አድርገህ ላገው። የውስጡንም ለስላሳ ክፍል እንዲሁ። መላጊያህ ቶሎ እንደሚደንዝ አትርሳ፤ ሲሊካው ቢላ ይበላል። ሁለተኛው የነቀዙ ነገር ነው። ሰንጥቀህ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሃ ቀቅለው፤ ውሃውን ወደ ቦይ አትድፋው። ቡናማ መልክ እንዲይዝ በእንፋሎት ለረጅም ጊዜ ማብሰል የሚባል ነገር አለ። ለጠረጴዛ ያምራል፤ ለኮር ግን ጥንካሬውን ስለሚቀንስ ይቅርብህ።

ከዚያ ማድረቅ ነው። የእንጨቱ እርጥበት ከ8 እስከ 10 በመቶ መሆን አለበት። መለኪያ ከሌለህ ከቁራጩ ትንሽ ቆርጠህ መዝን፣ 103 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አቆየው፣ እንደገና መዝን። 109 ግራም የነበረው 100 ግራም ከሆነ እርጥበቱ 9 በመቶ ነው። በሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ውስጥ በአየር ብቻ እዚህ አትደርስም። በክረምት የተጣበቀ ጣውላ ኦስትሪያ ሄዶ ማሞቂያ ያለበት ቤት ሲገባ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በበጋ አድርቀህ፣ በፕላስቲክ ጠቅልለህ አስቀምጥ።

አሁን ክብደቱን እንይ፤ የአክስትህ ልጅ ያላሰበው ይኼንን ነው። ኮሩ በአማካይ 5.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው መጠኑ 2.1 ሊትር ገደማ ነው። በፖፕላር ቢሠራ 900 ግራም አካባቢ ይመዝናል። በፓውሎኒያ 600። ሙሉ በሙሉ በቀርከሃ ቢሠራ 1.5 ኪሎ ይጠጋል። ሙሉው ቦርድ 3 ኪሎ ገደማ በሚሆንበት ዓለም ግማሽ ኪሎ ትርፍ መሸከም ቀልድ አይደለም። ቀርከሃ ጠንካራና ሲታጠፍ የሚመለስ ነው፤ ጥሩነቱ እውነት ነው። የሚያዋጣው ግን በመሃል ቀለል ያለ እንጨት አድርገህ፣ ቀርከሃውን በጠርዙና የእግር ማሰሪያው ብሎን በሚገባበት መስመር ላይ ብትደረድረው ነው። እዚያ ነው ጥንካሬ የሚፈለገው።

መሃሉን ምን ላድርገው ካልክ፣ በእርሻ ዳር የሚተከለው ግራቪሊያ ለሙከራ ይሆናል፤ ከፖፕላር ግን ይከብዳል። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ አይነኩም። ሕግ የሚጠብቃቸው ዛፎች ናቸው። ከዋንዛ ተሠርቶ «ኢኮ» የተባለ ዕቃ ቢያጋጥመኝ ሳቄን አልቆጣጠርም።

ኮሩን ቀርፀህ፣ አፍና ጭራውን አቅጥነህ አትላክ። ጠፍጣፋ ጣውላ አድርገህ ላክ። የቦርዱን ጠባይ የሚወስነው ከጫፍ ሁለት ሚሊ ሜትር ተነስቶ መሃል ላይ ሰባት ስምንት የሚደርሰው የውፍረት መስመር ነው። እሱን የሚያውቀው ቦርዱን የሚጨምቀው ሰው ነው። ያንተ ኃላፊነት ጣውላው ቀጥ ያለ፣ የደረቀና መጣበቂያው የማይላቀቅ መሆኑ ነው። ኮላውን ውሃ የሚቋቋም ዓይነት አድርገው፤ ተራው ነጭ ኮላ አይሆንም።

አዲስ አበባ በረዶ የለም፤ መፈተን ግን ይቻላል። ከጣውላው እኩል ቁራጮች ቁረጥ። ግማሹን ውሃ ውስጥ አሳድረህ ፍሪዘር ውስጥ ክተት፣ አውጥተህ አቅልጠው፣ ደጋግመው። ከዚያ ሁለቱንም ጫፍና ጫፋቸውን አስደግፈህ መሃላቸው ላይ ክብደት ስቀል፤ ስንት ሚሊ ሜትር እንደጎበጡ ለካ። የቀዘቀዘው ካልቀዘቀዘው በጣም ከተለየ፣ ወይም በመጣበቂያው መስመር ከተከፈተ፣ ኮላህ ወይም ማድረቅህ ችግር አለበት። እንጨቱ ራሱ ተሰብሮ የመጣበቂያው መስመር ከያዘ ጥሩ ነው። ቁጥሩን ጽፈህ ያዝ፤ ገዢ ይጠይቅሃል። ለትክክለኛ የመታጠፍ ፈተና አምስት ኪሎ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ግቢ ጠይቅ።

«ኢኮ» የሚለው ቃል ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ መመሪያ ያለማስረጃ በደፈናው «አካባቢን የማይጎዳ» ወይም «አረንጓዴ» ብሎ ማስታወቅን ይከለክላል። ተግባራዊ የሚሆነው ከመስከረም 27 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ኦስትሪያ የኅብረቱ አባል ናት። የአክስትህ ልጅ ማለት የሚችለው የተለካውንና የታወቀውን ነው፤ «የኮሩ ይኼን ያህል በመቶ ከዚህ ቦታ የመጣ ቀርከሃ ነው» ብሎ። ማጓጓዣውንም ያስብ። የእኛ መብራት በአብዛኛው ከውሃ ኃይል መሆኑ ይጠቅማችኋል። ግን ጣውላው በቦሌ በአውሮፕላን ከሄደ፣ ኪሎ ለኪሎ ከመርከብ በብዙ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ብክለት ትጨምራላችሁ። በጂቡቲ በኩል፣ ተጠራቅሞ ይሂድ። የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድመህ አጣራ።

ከሁሉም በላይ ግን ቦርዱ ስንት ዓመት ያገለግላል የሚለው ይበልጣል። ብዙ ዓመት የሚቆይ ተራ ቦርድ በአንድ ክረምት ከሚሰበር የቀርከሃ ቦርድ ይሻላል፤ ሁለተኛ ቦርድ አይመረትምና። ለዚህም ነው ቃጫና ሙጫ ላይ የጨከንኩት።

ለመለማመጃ ሎንግቦርድ ሥራ። ባለ ጎማ ነው፣ ረጅም ነው፣ ቀርከሃ ይስማማዋል። የብረት ጠርዝም የበረዶ ፖሊኢትሊንም አይፈልግም፤ ጥሩ ኮላ፣ ቅርጽ ማውጫና ሞርሳ ይበቃዋል። ኮሪደር ልማቱ ባመጣው ሰፊ መንገድ ላይ የሚንሸራተቱ ልጆች ሞልተዋል። አንተም ሥራህ ሲታጠፍና ሲመታ በዓይንህ ታየዋለህ። በአንድ በጋ ውስጥ መጣበቂያህ መያዙን ታውቃለህ።

ለአክስትህ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር በለው። እዚያ ቦርድ የሚጨምቅ ሰው ይፈልግ፤ ስፋቱን፣ ርዝመቱን፣ የእርጥበቱን መጠንና የቀርከሃውን አሰላለፍ በጽሑፍ ይላክልህ። ሦስት ናሙና ትልካለህ፤ እሱ ይከፍልበታል። ናሙናው ተጨምቆ አንድ ክረምት በረዶ ላይ ሳይውል ቀርከሃ በጭነት መኪና እንዳትገዛ።